የግራ እጅ ክር

ሐሙስ ዕለት ሐናንን ከትምህርት ቤት ልወስዳት ስሄድ በግራ እጇ አንጓ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ታስሮ አየሁ። በሜልበርን ዳርቻ ያለችው የሰፈራችን የታርኔት ነፋስ እንደ ልማዱ ባዶውን ሜዳ አቋርጦ እየመጣ የልጆቹን ባርኔጣ ወደ አጥሩ ይጠርጋል፣ ወላጆቹ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው በሩ ላይ ተኮልኩለዋል፣ እኔም በምሠራበት መጋዘን የጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ፣ ከባዱን የሥራ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ከእነሱ ጋር ቆሜያለሁ፤ ልጄ ቦርሳዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ስትመጣ ግን ነፋሱም ሰዉም ከፊቴ ጠፋና ያ ክር ብቻ ቀረ። ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ጫፉ ላይ ተቋጥሯል። እጇን ያዝኩና ልበጥሰው ጣቴን ከሥሩ አስገባሁ። ሐናን እጇን መንጭቃ በእንግሊዝኛ ጮኸችብኝ፤ አስተማሪዬ ናት ያሰረችልኝ፣ አትንካው ነው ነገሩ። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ፣ በትምህርት ቤት በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እሳት እንደነካ ሰው እጄን ሰብስቤ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ሐናን ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፣ እኔና ባለቤቴ ልጅ መውለድ በቃን ካልን በኋላ የመጣች የመጨረሻ ልጃችን ናት። አንደኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ የእንግሊዝኛዎቹን ትንንሾቹን ቢ እና ዲ ታገላብጣለች። ቢ ዱላው በግራ ሆዱ በቀኝ ነው፣ ዲ ደግሞ ግልባጩ፤ ለእሷ ግን ሁለቱም አንድ ቦርጫም ሰውዬ ናቸው፣ ሲሻው ወደዚህ ሲሻው ወደዚያ የሚዞር። መጀመሪያ እንስቅበት ነበር። በተለይ እኔ በሰው ለመፍረድ አፍ አልነበረኝም፤ እኛ ሰፈር ቤቶቹ ሁሉ ከአንድ ፕላን የተሠሩ ናቸው፣ ልዩነታቸው የአንዱ ጋራዥ በግራ ከሆነ የሚቀጥለው በቀኝ መሆኑ ብቻ ነው፣ እና በገባን ሰሞን ከሥራ ደክሞኝ ስመለስ በጎረቤቴ ጋራዥ ፊት መኪናዬን አቁሜ ሪሞቱን ደጋግሜ እየተጫንኩ፣ የቤቱን ሠሪ እየረገምኩ ሳለሁ ጎረቤቴ ህንዳዊው በፒጃማ ወጥቶ፣ ምንም ሳይስቅ፣ የገዛ ቤቴን በጣቱ አሳይቶኛል። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሁሉ ትናገራለች።

እያደር ግን ሳቁ ቀረ። የክፍል ጓደኞቿ መጽሐፍ እየያዙ ወደ ቤት መመለስ ሲጀምሩ ሐናን ጠዋት ጠዋት ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ሳስርላት፣ በዚያ ፈጣን እንግሊዝኛዋ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ፣ ደደብ መሆኗን ነገረችኝ። ያን የሆድ ቁርጠት አውቀዋለሁ። በሌላ ልጅ ላይ አይቼዋለሁ፣ ያቺም ልጅ ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት በር አልረገጠችም። ስለዚህ ፈራሁ፣ የፈራ አባት የሚያደርገውንም አደረግሁ፤ ተቆጣሁ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምግብ ጠረጴዛው ጋ አስቀምጬያት ቢ እና ዲን ጎን ለጎን ሃያ ሃያ ጊዜ ማስጻፍ ጀመርኩ። በጻፈች ቁጥር ይብስባታል፣ በባሰባት ቁጥር እጨምርባታለሁ።

አንድ ቀን መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ገልብጣ ጽፋ፣ በጨረሰችው ደስ ብሏት፣ ወረቀቱን ወደ እኔ ስትገፋው ቀኝ እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ታጠፈ። የመሃል ጣቴ አጥንት ከሌሎቹ ቀደም ብሎ ወጣ፣ ክንዴ ተነሣ። የመጣው ኩርኩም ነበር። ሐናን ግን ኩርኩም ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ሜልበርን ተወልዳ ያደገች ልጅ ማን አሳይቷት። አየር ላይ የቀረውን ጭብጤን አየችና ፈገግ ብላ የራሷን ትንሽ ጭብጥ አምጥታ አጋጨችው፣ እዚህ አገር ልጆችና አሠልጣኞቻቸው ጎበዝ ሲባባሉ እንደሚያደርጉት። ጎበዝ ያልኳት መስሏታል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ውኃውን ከፍቼ ብዙ ቆየሁ።

ያ እጅ ኩርኩም የተማረው ሐርቡ ነው። ሐርቡ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በእኔ ልጅነት አውቶቡስ ሲቆም ብርቱካንና ማንጎ በሣህን የያዙ ሴቶች በየመስኮቱ ይሽቀዳደሙ ነበር፣ አውቶቡሱ ሲሄድ ደግሞ አቧራው እስኪበርድ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቅ ነበር። አባቴ በዚያ መንገድ ዳር፣ በአንድ ሸማኔ በረንዳ ላይ፣ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናው ዘይት ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ቤታችን ከበረንዳው እየተከተለን በሚገባ ብጥስጣሽ ክር የተሞላ ነበር፤ ክር ከፀጉራችን፣ ክር ከብርድ ልብሳችን፣ አንዳንዴም ከወጡ ውስጥ ክር ይወጣል፣ እናታችንም በጣቷ ሳብ አድርጋ አውጥታ የአባታችን ቅመም ነው ትለን ነበር። የሰፈሩ ሰው የልብስ ሰፊው ልጆች መሆናችንን ለማወቅ ስማችንን መጠየቅ አያስፈልገውም።

ሁለት ነበርን። እህቴ ከድጃ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እኔ እታለም ነው የምላት፣ እስከ ዛሬም። እታለም የደንበኛውን ትከሻ አንዴ አይታ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚበላ ትናገር ነበር፣ አባታችን ሜትሩን ዘርግቶ ሲለካ ከቃሏ ዝንፍ አይልም። ቁጥር በቃሏ ትደምራለች፣ የሰው ፊት አትረሳም፣ ማንጎ ዛፍ ላይ ከወንዶቹ በላይ ትወጣለች። ፊደል ላይ ስትደርስ ግን ትቆማለች። ላ እና ሎን፣ ባ እና ቦን፣ ሳ እና ሶን መለየት አቃታት፤ የአንዱ የግራ እግሩ ያጥራል፣ የሌላው የቀኝ እግሩ፣ ይኸው ነው ልዩነቱ፣ እሷ ግን እግሮቹን ባየቻቸው ቁጥር ቦታ ይቀያየሩባታል። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ከማናችንም በላይ ትለፋ ነበር። በዚህ ምክንያት አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደገመች፣ እኔም ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ስገባ እዚያው አገኘኋትና ባንድ ወንበር ተቀመጥን።

አስተማሪያችን ጋሽ በላቸው ክፉ ሰው አልነበሩም። ደብተር ለሌለው ልጅ ከገዛ ኪሳቸው ይገዙ ነበር፣ የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ነው፣ እሳቸውም የተማሩት እንደዚያው ነው። የቃል ጽሕፈት ያጽፉናል፣ ከዚያ የተሳሳቱት ወጥተው በሰሌዳው ፊት ይሰለፋሉ፣ በትክክል የጻፈ ልጅ ይጠራና አንድ በአንድ ይኮረኩማቸዋል። አዝኖ ቀስ ያለ እንደሆነ የእነሱን ድርሻ ራሱ ከጋሽ በላቸው ይቀበላል፣ የእሳቸው አጥንት ደግሞ የትልቅ ሰው አጥንት ነው። እኔ ፊደል ቶሎ ገባኝ። ስለዚህ በየሳምንቱ ከሰልፉ ፊት እቆማለሁ፣ በየሳምንቱ እታለም ሰልፉ ውስጥ አለች፣ ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ ትልልኛለች፣ ቁመቴ አይደርስማ። ቤት ስንሄድ አባቴ ማን ተኮረኮመ ሳይሆን ማን ኮረኮመ ብሎ ይጠይቃል፣ እኔ ነኝ እላለሁ፣ ራሴን ያሻሸኛል። የዚያ እጅ ሙቀት ምን ያህል ይጣፍጠኝ እንደነበር መደበቅ አልችልም።

አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ እታለም ከመንገዱ ገለል አድርጋኝ የቀሚሷን እጅጌ ሰበሰበች። በግራ አንጓዋ ላይ ከአባታችን ጥቅል የተወሰደ ቀይ ክር አለ፣ ሁለት ዙር። ክሩ ባለበት ጎን ያለው እግር ካጠረ ላ ነው፣ ባ ነው፣ ሳ ነው አለችኝ፤ ክር በሌለበት በኩል ካጠረ ሎ፣ ቦ፣ ሶ። ማንም አልነገራትም። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ብቻዋን አስባ አስባ የደረሰችበት ነው፣ ስትነግረኝ ደስታው ትንፋሽ ያሳጥራት ነበር። ከዚያ ድንገት ፈራች። «ለማንም እንዳትናገርብኝ፣ ወላሂ በል» አለችኝ። ወላሂ አልኳት።

ሦስት ሳምንት ያህል እታለም አልተሰለፈችም። ጠረጴዛው ሥር እጇን ሰረቅ አድርጋ ታያለች፣ ትጽፋለች፣ ትክክል ነው። ጋሽ በላቸው ግርምታቸውን በክፍሉ ፊት ተናገሩ፣ አባቴም አንድ ማታ ራሷን አሻሸላት፣ እኔ እያየሁ። በአራተኛው ሳምንት እኔ ቸኩዬ ተሳሳትኩና ተሰለፍኩ፣ ትኮረኩም ዘንድ የተጠራችው እታለም ሆነች። መጣች። የታጠፈ እጇን ፀጉሬ ላይ አሳረፈችው፣ አልመታችኝም፣ ነካችኝ ማለት ይቀላል። ክፍሉ ሳቀ። ጋሽ በላቸው ጠሯትና የእኔን ድርሻ ለራሷ ሰጧት፤ ድምፁ ተሰማኝ። ራሷን እያሻሸች ወደ ወንበሯ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ፈገግ አለችልኝ። ሰው የሆነ ልጅ በዚያ ፈገግታ ያለቅሳል። እኔ ግን የተሰማኝ በእህቴ መበለጥ ብቻ ነበር።

ከትምህርት በኋላ የክፍሉን ደብተር ተሸክሜ ወደ ቢሮ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ ከጋሽ በላቸው ሌላ ማንም አልነበረም። ክር አስራ ነው የምታየው አልኳቸው። ይኸው ነው ያልኩት፣ ከዚህ የበለጠ ቃል አላወጣሁም፣ ደብተሩን አስቀምጬ ወጣሁ። በማግስቱ ማን እንደነገራቸው ሳይናገሩ እታለምን አስነሡ፣ እጅጌዋን ሰበሰቡ፣ እርሳስ በሚቀርጹበት ምላጭ ክሩን ቆረጡት። ይህ ማጭበርበር ነው፣ ፊደል በራስ እንጂ በእጅ አይያዝም አሉ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ጠርተው ላ እና ሎን ጻፊ አሏት፣ ባዶ አንጓዋን አየች፣ ጻፈች፣ ገለበጠችው። እኔን ጠሩኝ። ጎንበስ አለችልኝ። ጋሽ በላቸው እያዩኝ ስለነበር በኃይል መታኋት፣ ከሰጠኋቸው ኩርኩሞች ሁሉ የበረታው እሱ ነበር፣ ጣቴ ራሱ አመመኝ። አላለቀሰችም። ወደ ወንበሯ ስትመለስ ክሩን ከመሬት አንሥታ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው።

በሚቀጥለው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻት። አባቴ ትንሽ ትረፍ አለ፣ ትንሽ አርፋ ትመለሳለች ተባለ፣ ከዚያም የሠርግ ልብስ የሚሰፋበት ሰሞን መጣና ቁልፍ የሚተክል ሰው አስፈለገ፣ ከዚያም ብርቱካን የሚሸጥ ሰው አስፈለገ፣ ዕረፍቱ እንዲህ እያለ ዕድሜ ልክ ሆነ። ቤት ውስጥ ማንም ትምህርት አቆመች ብሎ የተናገረ ሰው አላስታውስም። አንድ ቀን ብቻ ደብተሯ ስኳር መጠቅለያ ሆኖ አየሁት፣ የተገለበጡት ፊደሎች ከነቀይ እርማታቸው።

እኔ ቀጠልኩ። ዓርብ ዓርብ ሸሚዜን የምታጥብልኝ እታለም ነበረች፣ ደብተሬን ከብርቱካኑ ገንዘብ የምትገዛልኝ እሷ ነበረች፣ ኮምቦልቻ ለሁለተኛ ደረጃ ስሄድ አውቶቡስ ድረስ ቦርሳዬን ተሸክማ የሸኘችኝም እሷ ናት። ከአገር ስወጣ ወረቀቶቼን የምደብቅበት ኪስ በጃኬቴ ገበር ውስጥ በእጇ ሰፋችልኝ፤ ስፌቱ ኬንያን አልፎ ሜልበርን ድረስ አልተተረተረም። እሷ ዛሬ የአምስት ልጆች እናት፣ ባል የሞተባት አሮጊት ሆናለች። መልእክት የምትልክልኝ በድምፅ ብቻ ነው። ስልኳ ውስጥ ስሜ የለም፣ ፎቶዬ ነው ያለው፣ ልጆቿ በየሰዉ ስም ፈንታ ፎቶ አድርገውላታል። አንድ ጊዜ ለዓይኗ ደሴ ልትታከም ሄዳ በሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስላልቻለች፣ መጠየቅም አፍራ፣ የማይመለከታት ሰልፍ ውስጥ ግማሽ ቀን ቆማ ተመልሳለች። ይህንን እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

በእነዚህ አርባ ስምንት ዓመታት ውስጥ እነግራታለሁ ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። አንድም ጊዜ አልነገርኳትም። አንድ መጽናኛ ነበረችኝ፤ እታለም አታውቅም። ጋሽ በላቸው ራሳቸው ያዩት መስሏታል፣ እኔም የታዘዘውን የፈጸመ ልጅ ብቻ ነኝ። በዚህች መጽናኛ ላይ ተደግፌ ነው የኖርኩት።

ክሩን ባየሁ ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ የሐናንን አስተማሪ አነጋገርኳት። ወጣት ሴት ናት፣ እንግሊዝኛዋን ለእኔ ብላ ቀስ ታደርገዋለች። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆች ያገላብጣሉ አለችኝ፣ ሁለቱን ፊደል ጎን ለጎን ማስጻፍ ግን ያምታታል፣ አንዱ እስኪጸና ሌላውን አርቁት፣ ለአንድ ሳምንት ቢን ብቻ፣ በትልቁ፣ በብሩሽና በውኃ በአጥሩ ላይ ትጻፍ፣ ዱላው መጀመሪያ ከዚያ ሆዱ፣ እያለች በአፏም ትናገር። ክሩ ባለበት በኩል ዱላው ከቆመ ቢ ነው። ክሩ ቢያረጅ ሌላ እሰሩላት አለችኝ። ይህን የክሩን ነገር ከየት አመጣሽው ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። የቆየ ዘዴ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው አለችኝ።

እንዳለችው አደረግን። ሐናን ከጎረቤታችን ጋር የምንጋራውን አጥር ከዳር እስከ ዳር በውኃ ቢ ሞላችው፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ እንደገና ትሞላዋለች፣ ህንዳዊው በላይ በኩል ብቅ ብሎ በየቀኑ ያጨበጭብላታል። በሁለተኛው ሳምንት ዲ ተጨመረ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ስንደርስ የሆድ ቁርጠቱ ቆሟል፣ መቼ እንደቆመ ግን አላስተዋልንም። አንዳንዴ አንጓዋን ሰረቅ አድርጋ አይታ ስትጽፍ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አገር ቤት ገና ማለዳ ሳለ፣ እታለም በቪዲዮ ደወለች። ሐናን ስልኩን ከእጄ ነጥቃ የጻፈችውን ወረቀት ካሜራው ላይ ለጠፈችው። እታለም መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን አርቃ አቅርባ፣ ማሻአላህ አለች፣ ምን እንደተጻፈ ሳታውቅ። ከዚያ ወረቀቱን የያዘውን እጅ አየች።

«እጇ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ጌጥ ነው ማለት እችል ነበር። «የፊደል ነው እታለም» አልኳት። «ግራና ቀኙን እንድትለይበት አስተማሪዋ ናት ያሰረችላት።»

ቀኝ እጇ ወደ ግራ አንጓዋ ሄዶ እዚያው ቆየ።

«አስተማሪዋ ራሷ?»

«ራሷ።»

«አንተም አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያ እንዳትናገርባት፣ ሐሚዶ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረውም፣ ቀልድም አልነበረውም። «ወላሂ በል።»

ታውቅ ነበር ማለት ነው። ያን ጠዋት ጎንበስ ስትልልኝ ታውቅ ነበር፣ ሸሚዜን ስታጥብ፣ ደብተሬን ስትገዛ፣ የጃኬቴን ኪስ ስትሰፋ ታውቅ ነበር፣ ደሴ ላይ በተሳሳተው ሰልፍ ውስጥ ግማሽ ቀን ስትቆምም ማን እንዳቆማት ታውቅ ነበር። እሷ ያጣችውን ሁልጊዜ በፊደል ስለካው ኖሬያለሁ። በወንድሟ ላይ የነበራትን እምነት ግን አንድም ቀን ቆጥሬው አላውቅም። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ሐናን ግን እንባዬን አይታ ባባ ምን ሆነህ ነው እያለች ክንዴን ትጎትታለች።

ወላሂ አልኳት። እታለም ራሷን ነቀነቀች፣ ታምነኝ አትመነኝ ግን አላውቅም።